መቶ ሃምሳ ስድስት ጊዜ ደህና

«በስተመጨረሻ መጣችሁ!» አሉ እትዬ ሶልያና፣ የግቢያቸውን በር ወለል አድርገው ከፍተው። «ግቡ፣ ግቡ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስጠብቃችሁ!»

ከከርሰ ምድር ጽሕፈት ቤት የመጣችው ልጅ ደስ አላት። ይመኙሻል ትባላለች፤ ያው የዛሬ ልጆች ስም ነው። ክንዷ ሥር በመስታወት የገባ የምስጋና ምስክር ወረቀት ይዛለች።

«እኛም እርስዎን ለማየት ጓጉተን ነበር፣ እማማ» አለች።

«እማማ አትበይኝ፤ ሶልያና ነኝ። ጫማሽን አውልቂና ግቢ። መጀመሪያ መኝታ ቤቱን ነው የማሳይሽ።»

«ኧረ ሳሎኑ ይበቃናል፤ ብዙም አንቆይ።»

«ሳሎኑማ ምን አለው? የባሰበት መኝታ ቤቱ ነው።»

ልጅቱ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ናሆም እባላለሁ፤ የአጥር ጎረቤታቸው ነኝ፤ የሰፈሩ እድር ጸሐፊም ነኝ። ያን ማክሰኞ ጠዋት የመጣሁት ሽልማቱ ሲሰጥ በምስክርነት ቁም ተብዬ ነው። በዓይኗ «ምን እያሉ ነው?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። በአዎንታ ይሁን በአሉታ እኔም አላውቅም።

መኝታ ቤቱ ውስጥ አልጋ የለም። የሲሚንቶው ወለል ላይ የአልጋ እግር ቆሞባቸው የነበሩ ክብ ክብ ምልክቶች አሉ፤ በዚህ ጥግ አራት፣ በዚያ ጥግ አራት። ከወለሉ መሃል ውሃ የተሞላ ብርጭቆ ተቀምጧል።

«እዚህ ጋ ቁሚ» አሏት። «ተረከዝሽን በደንብ አሳርፊ። ምን ይሰማሻል?»

«ሞቅ ይላል። ደስ ይላል!»

«ደስ ይላል?» ወደ እኔ ዞረው ቅንድባቸውን አነሱ። «እሺ ውሃውን እዪው።»

ልጅቱ ጎንበስ አለች። የውሃው ፊት ላይ ቀጫጭን ክቦች ከዳር ወደ መሃል ይሄዳሉ፣ ከመሃል ወደ ዳር ይመለሳሉ። ብርጭቆውን የነካው የለም።

«ቆንጆ ነው» አለች፤ ጨዋ ልጅ ናት። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ መስታወቱን በሁለት እጇ ከፍ አደረገች። «እንግዲህ፣ ለሦስት ዓመት አንድም ቅዳሜ ሳያጓድሉ፣ መቶ ሃምሳ ስድስት ጊዜ ‹ደህና› በማለት ከሰፈሩ አንደኛ ለወጡት ለወይዘሮ ሶልያና…»

«ለማን?» አሉ እትዬ ሶልያና።

*

ግራር ሜዳን የማያውቅ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢያልፍ ይስቃል። መቶ ቤት ነን። ከየቤቱ አንድ ሰው በባዶ እግሩ ይወጣና ደጃፉ ላይ ያለች የብረት ሳህን ላይ ቆሞ ከበሩ መቃን ጋር ያወራል። መቃኑ ላይ ጠያቂዋ አለች፤ የክብሪት ሳጥን ታክላለች፣ ክብሪት የሚያስታውስ ካለ። «እንደምን ሰነበቱ? ከታች ያለውስ እንዴት ነው?» ትላለች። ትሑት ድምፅ ነው ያላት። ሰው ይመልሳል፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ሰው ጫማውን አጥልቆ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

ከታች ያለው ብዙ ነው። እንፋሎቱ በቧንቧ ይወጣል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ የየከተማው ፋብሪካ ጭስ በሌላ ቧንቧ እየመጣ ይወርዳል፤ እዚያው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል ይላሉ። ወጪና ወራጁ ሲተላለፉ ወለሉ ያጉረመርማል። ለምደነዋል። ምስር ጠዋት የጓዳው ወለል ላይ ባለው ጉድጓድ ይከተታል፣ ለምሳ ይደርሳል። ጠዋት የተቦካ ሊጥ እኩለ ቀን ላይ ኩፍ ብሎ ከዕቃው ይፈሳል። ቅቤ የሚረጋው ጣሪያ ላይ ነው፤ ድመቶቻችንም እዚያው ናቸው። ልጆቻችን ከሰልን የሚያውቁት በስድብነቱ ነው። ስለ ታች ቅሬታ የሚያበዛ ሰው በእኛ ሰፈር «ከሰል» ይባላል።

እንዲህ ሳንሆን በፊት ፈርተን ነበር። የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲቆፈር እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ጠበል የረጨ ነበር። ሐይቁ ይፈላል ያለ ነበር። አንድ ሰውዬ ፍየሎቹን ሸጦ ደጋ ወጣ፤ በዓመቱ ብርዱን አልቻልኩም ብሎ ተመለሰ፤ ዛሬ ስለ እንፋሎት እሱ ያለበት ቦታ ክፉ መናገር አይቻልም። ጭሱ ሊመጣ ሲል ደግሞ እንደ አዲስ ፈራን፤ ያኔ ሕጉ ወጣ። ከሰፈሩ ሰማንያ ቤት «ደህና» ካላለ ከሥራችን አንዲት ስንዝር አይቆፈርም፣ የተቆፈረውም ይዘጋል። ጥሩ ሕግ ነው። ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ችግሩ እኛ ነን። «እንደምን ሰነበቱ» ሲባል «አልሰነበትኩም» ብሎ የሚጀምር ሰው እኔ አላየሁም። ቤቱ የተቃጠለበት እንኳ መጀመሪያ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይልና ነው ስለ ቃጠሎው የሚያወራው። እትዬ ሶልያና ደግሞ የድሮ ሰው ናቸው፤ የ2011 ዓ.ም. ልጅ፤ ስማቸውም ያሳብቃል። ሰላምታ ሳይመልሱ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው ተብለው ያደጉ። እናም ቅዳሜ ቅዳሜ ሳህኗ ላይ ይቆሙና «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ ደህና ናችሁ?» ይላሉ። አረንጓዴው ይበራል። ከዚያ ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ ወለሉ፣ ስለ ግድግዳው ስንጥቅ፣ እንቅልፍ ስለማጣታቸው፣ ስለ ዶሮዎቻቸው ይናገራሉ። ዶሮዎቹ እንቁላል ማቀፍ ትተዋል። መሬቱ ያቅፍልናል ብለው ነው መሰለኝ።

ጠያቂዋ ግን «ደህና» የምትለዋን እንደሰማች ትዘጋለች። አረንጓዴው መብራት መዘጋቷን ነው የሚያሳየው። እሳቸው መስማቷን ይመስላቸው ነበር።

ይህንን እኔ አውቅ ነበር።

ከመጀመሪያው ዓመት ፋሲካ ጀምሮ አውቃለሁ። የየቤቱ መልስ የወሩ ዝርዝር ለእድሩ ጸሐፊ ይላካል። እትዬ ሶልያና ከሚለው ስም ጎን አራት አረንጓዴ ነጥብ አየሁ። ሴትዮዋ በአጥር ላይ በየቀኑ የሚነግሩኝ ሌላ፣ ዝርዝሩ የሚለው ሌላ። ልነግራቸው ተነስቼ ሄድኩ፤ እውነቴን ነው፣ በራቸው ድረስ ሄድኩ። መንገድ ላይ ግን ዝርዝሩን ደመርኩት። ሰማንያ ነበርን። ሰማንያ ልክ፤ አንድ ቢጎድል የሚዘጋ። በዚያው ሰሞን የበርበሬ ማድረቂያ ቤት ሠርቼ ከቧንቧው አስቀጥዬ ነበር። በክረምት የማይሻግት በርበሬ፤ ሃያ ዓመት ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው።

ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው።

«ናሆም» አሉኝ፣ «ይቺ ነገር እውነት ትሰማኛለች? አንዳንዴ ከግድግዳ ጋር የማወራ ይመስለኛል።»

«ትሰማዎታለች፣ እትዬ» አልኳቸው። «ሁሉም ይመዘገባል። መልስ ነው የሚዘገየው።»

ከዚያ ወዲህ ለእትዬ ሶልያና ያላደረግሁት የለም። የበራቸውን ማጠፊያ ቀየርኩ። የግድግዳውን ስንጥቅ በዓመት ሁለቴ መረግሁ። አልጋው እንቅልፍ የሚያስወስድ ጥግ ፍለጋ ሲዞር አራቱንም ጊዜ የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ በመጨረሻ በረንዳ ላይ አወጣነው። ለበዓል ከበርበሬዬ የላይ የላይውን መርጬ እወስድላቸዋለሁ። «እንደ ናሆም ያለ ጎረቤት የት ይገኛል!» ይላሉ፣ ለመጣ ለሄደው። ባለቤቴ ሄራን አንድ ቀን «ለእናትህ ይህን ያህል አድርገህ ታውቃለህ?» ብላኛለች። አላውቅም።

*

«ለእርስዎ ነዋ!» አለች ይመኙሻል። «አንደኛ ወጥተዋል!»

እትዬ ሶልያና ሳቁ። «ሌላ ሶልያና ትኖራለች፤ በእኔ ዘመን ስሙ ሞልቶ ነበር። እኔማ ከሰል ነኝ፣ የኔ ልጅ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስነግራችሁ የኖርኩት ይሄንኑ ወለል አይደለም እንዴ?»

ልጅቱ ከቦርሳዋ መዝገቡን የያዘ ሰሌዳዋን አውጥታ ነካችው። የእትዬ ሶልያና ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ደግሞ ሌላ። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ጉንፋን የያዘው ድምፅ፦ «ደህና።» የታክሲ ጥሩንባ የገባበት፦ «ደህና።» አንደኛው ከሌላው ሁሉ ቀጠን ያለ ነበር። እህታቸውን የቀበሩ ሳምንት ነው፤ ከሐዘን ቤት ለቅዳሜዋ ብለው መጥተው፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ሳህኗ ላይ ሲቆሙ በአጥር አይቻቸዋለሁ። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ከዚያ በኋላስ?» አሉ። «ከዚያ በኋላ ያልኩትስ?»

«ከዚያ በኋላ የለም። መልስ ካገኘች ትዘጋለች።»

እትዬ ሶልያና እጃቸውን ወደ ግድግዳው ሰደዱና ተደገፉ። ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው የብርጭቆው ውሃ ብቻ ነበር።

ልጅቱ ክፉ አይደለችም። ፊቷ ተለዋውጧል። ነገር ግን የመጣችበትን መጨረስ ነበረባት፣ አነበበች። ሁለተኛው ጉድጓድ የሚቆፈረው ቅሬታ በሌለበት ግቢ ነው። በግራር ሜዳ ቅሬታ የሌለበት ግቢ ይህ ነው። ሥራው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጀመራል። ለወይዘሮዋ ዳገቱ ላይ ስድስተኛ ፎቅ ቤት ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ሊፍት አለው።

«ዶሮዎቼስ?»

«ስድስተኛ ፎቅ ላይ እንኳን…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

«እዚህ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ» አሉ እትዬ ሶልያና። ድምፃቸው አልጨመረም። «ባሌን በዚህ በር ነው የሸኘሁት። ሰው ቤቱ ሲንቀጠቀጥበት የሚናገረው ቤቱን ስለሚወድ ነው እንጂ ቤቱን ውሰዱልኝ ማለቱ ነው? አሁን ልናገር። አልሰነበትኩም። ይኸው አልኩ።»

«የአሁኑ ለሚቀጥለው መዝገብ ነው የሚያዘው። ያለፈው ተዘግቷል።» ልጅቱ ወደ በሩ አየት አድርጋ ድምፅዋን ቀነሰች። «መቃወም ይችላሉ። እስከሚቀጥለው ረቡዕ ጊዜ አለዎት። ምስጋና በድምፅ እንቀበላለን፤ ተቃውሞ ግን በወረቀት ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ መሣሪያዋ ተሳስታለች የሚል ማመልከቻ ተቀባይነት አግኝቶ አያውቅም። አትሳሳትም ነው የሚባለው። መዝገቡን የሚሽረው አንድ ነገር ብቻ ነው። መልሱ የእርስዎ ሐሳብ እንዳልሆነ እያወቀ ዝም ያለ ሰው ካለና በስሙ፣ በፊርማው ካመነ።»

«ካመነስ ምን ይሆናል?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነበር።

«የሰውዬው ቤት ለአምስት ዓመት ከቧንቧው ይቆረጣል። ሰፈሩም እንደ አዲስ ተጠይቆ እስኪያልቅ እንፋሎቱ ይዘጋል። ግን እንዲህ ያለ ሰው ይገኛል ብለው ነው፣ ጋሼ?»

«ናሆም ምስክሬ ነው» አሉ እትዬ ሶልያና ወዲያው። «ስናገር በአጥር ሲሰማኝ ነው የኖረው። እሱ ይጽፍልኛል። አይደለም ናሆም?»

«እጽፋለሁ እንጂ» አልኩ። «ምን ችግር አለው።»

ልጅቱ ልትወጣ ስትል ምስክር ወረቀቱን የት እንደምታደርገው ግራ ገባት። ይዛው ልትመለስ አሰበች፣ ልትሰጣቸው አፈረች። በመጨረሻ መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ አቆመችው። እስክትወጣ ድረስ መስታወቱ ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ሲንኳኳ ይሰማ ነበር።

*

ቅዳሜ ደረሰ። ሦስት ሰዓት ላይ ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። በአጥሩ ወዲያ ማዶ እትዬ ሶልያናም ወጥተው ሳህናቸው ላይ ቆሙ። አልወጣም ይላሉ ብዬ ነበር፤ ወጡ።

«እንደምን ሰነበቱ?» አለቻቸው ጠያቂዋ።

ዝም አሉ። ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ሰላምታ ሳይመልሱ የቀሩበት ቀን ያለ አይመስለኝም። አንገታቸውን ደፍተው፣ የሠርግ ቤት ሳህን የሰበረች ልጅ መስለው ቆሙ።

«እንደምን ሰነበቱ?» አለች ደግማ፤ በዚያው ትሕትና።

ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቃሉ ሊያመልጣቸው ሲል በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙት። ሦስተኛ ጠየቀች። ከሦስተኛው በኋላ አረንጓዴው በራ። ሳህኗ ላይ ቆሞ ዝም ያለ ሰው ደህና ነው ተብሎ ነው የሚያዘው፤ ይህም ዝርዝሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ይህንንም አውቅ ነበር።

የእኔዋም ጠየቀችኝ። ከሌሊት ጀምሮ ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ደህና» አልኩ።

እሁድ እድሩ ተሰበሰበ። የምንሰበሰበው በሰፈሩ ፍል ውሃ መታጠቢያ አዳራሽ ነው፤ መታጠቢያውን የሚያስተዳድሩት አቶ ነቢል የእድሩም ሰብሳቢ ናቸው። ነገሩን አስረዳሁ። ጠያቂዋ እንዴት እንደምትዘጋ ተናገርኩ። ማን ያውቅ እንደነበር አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም የለም።

ሰው ሁሉ ከልቡ አዘነ። የእኔ ሰርቪስ ባዶ ነው፣ ይግቡበት ያለ አለ። ዶሮዎቹን እኔ እረከባለሁ ያለች አለች። ያ ደጋ ወጥቶ የተመለሰው ሰውዬ ተነስቶ፣ ቤቱን በመላ ነቅለን ሌላ ቦታ እንትከለው፤ መቶ ሰው ሆነን አንድ ቀን አይፈጅብንም አለ። ተጨበጨበለት። ቤቱ የብሎኬት መሆኑን ያስታወሰው የለም።

አቶ ነቢል ሰው እስኪበቃው እንዲናገር ተዉትና «አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «የእኔ ቤት ግድግዳ ከጭሱ ወዲህ ተሰንጥቋል። የሌላ ሰውስ?»

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንድ እጅ ወጣ፣ ሁለት፣ ቀስ በቀስ የአዳራሹ ግማሽ።

«ታዲያ ትናንት ምን አላችሁ?»

«ደህና» አለ አንዱ ከኋላ፣ ሰው ሳቀ።

«እኔም አልሐምዱሊላህ ደህና ነው ያልኩት። እንግዲህ ይህንን ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዶ የሚናገር ማን ነው?»

ሰው ሁሉ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። አንዷ ልጄ ገና አራስ ናት፣ እንፋሎቱ ከተዘጋ በምን ትታጠባለች አለች፤ እውነቷን ነው። ሌላው እኔ ከሰል ተብዬ ልጄን ማን ያገባታል አለ፤ እሱም ውሸት አይደለም። ማመልከቻውን ናሆም ይጻፍ ተባለ። በእድሩ ስም ልጻፈው ወይ ብዬ ስጠይቅ ኧረ እድሩን አታስገባው፣ አንተ ጎረቤታቸው አይደለህ አሉኝ።

ሰው ሲበተን አቶ ነቢል በሩ ላይ ያዙኝ።

«ያቺ የወሩ ዝርዝር» አሉ፣ «ለማን ነበር የምትላከው?»

«ለጸሐፊው።»

ትንሽ አዩኝ። የአዳራሹን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ።

«ዘንድሮ በርበሬህ አምሯል አሉ» ብለው በሩን ቆለፉ።

*

ወረቀት ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ገበያ ላይ የለም። ሰኞን ሙሉ ከቤት ቤት ስጠይቅ ውዬ፣ ማታ በአባቴ የትምህርት ቤት ደብተር መጨረሻ ያልተጻፈበት አንድ ቅጠል አገኘሁ። ማክሰኞ ጠዋት ቁጭ አልኩ። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ነው፤ በእጄ ከጻፍኩ ሠላሳ ዓመት ይሆነኛል። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ግማሹን የወሰደው ሰላምታው ነው። የቀረውን ስለ መሣሪያዋ ጻፍኩት፣ አምሮ ወጣልኝ፤ የመጨረሻው መስመር የወረቀቱ ጫፍ ላይ አለቀ። ጥጉ ላይ ፈረምኩ፣ የእድሩን ማኅተም መታሁበት። ሄራን ከትከሻዬ ላይ ሆና አነበበችው። «የሚያምር ነው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ እትዬ ሶልያና ሄድኩ። በረንዳው ላይ፣ አልጋው አጠገብ ሆነው ልብስ በአንሶላ እየቋጠሩ ነበር። ሦስት ቋጠሮ ጨርሰዋል። ዶሮዎቹ አልጋው ሥር ተኮልኩለዋል፤ ግቢው ውስጥ የሚቀዘቅዘው ቦታ እሱ ብቻ ነው።

«እንዲያው ለማንኛውም ብዬ ነው» አሉ፣ ቋጠሮዎቹን ሳይ አይተው። «ጻፍከው?»

«ጻፍኩ።»

«አንብብልኝ።»

አነበብኩ። ስሙን፣ ማዕረጉን፣ ሰላምታውን አለፍኩና ወደ ጉዳዩ ገባሁ። «…ስለሆነም መሣሪያዋ በሰላምታ ቃል ላይ በመዘጋቷ የወይዘሮ ሶልያና እውነተኛ ሐሳብ ሳይመዘገብ ቀርቷል። ይህም መሆኑን ማንም ሰው ባለማወቁ…»

«ማንም ሰው ባለማወቁ» አሉ።

«…ባለማወቁ ምክንያት፣ በታላቅ ትሕትና…»

«ቆይ። መሣሪያዋ አትሳሳትም አላለችም ልጅቱ?»

«ብላለች።»

«የሚያውቅ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው አላለችም?»

«ብላለች።»

«ታዲያ ይሄ ነገ ምን ይሠራልኛል?»

ምንም እንደማይሠራላቸው ሲጀመርም አውቃለሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ የጻፍኩት ይህንን እያወቅሁ ነው። አንዷ ዶሮ ከአልጋው ሥር ብቅ ብላ መሬቱን በአንድ እግሯ ሞከረችና ተመለሰች።

«እትዬ» አልኩ፣ «እኔ አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«እንደምትዘጋ። ከመጀመሪያው ዓመት ፋሲካ ጀምሮ። ያን ቀን ልነግርዎት ነበር የመጣሁት። በር ላይ ትሰማኛለች ወይ ሲሉኝ…»

«ትሰማዎታለች አልከኝ።»

«አልኩ።»

«መልስ ነው የሚዘገየው አልከኝ።»

«አዎ።»

ከተከመረው ልብስ ውስጥ አንድ ትልቅ አንሶላ አወጡ፤ አንዱን ጫፍ ይዘው ሌላውን ጫፍ ወደ እኔ ዘረጉ። ያዝኩ። ወጠርነው፣ አጠፍነው፣ ተጠጋን። ጫፎቹን ስናገናኝ እጃቸው እጄን ነካው፤ አልያዙትም፣ አላራቁትምም። እንደገና አጠፍነው። ስድብ እየጠበቅሁ ነበር። ከሰደቡኝ ይቀለኛል ብዬ ነበር።

«አልጋውን አራት ጊዜ ስትሸከም» አሉ አንሶላውን ቋጠሮው ላይ አስቀምጠው፣ «ዝም ብለህ ነው የተሸከምከው?»

«ዝም ብዬ።»

«የዋንዛ እኮ ነው። ከባድ ነው።»

«ከባድ ነው» አልኩ።

ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር፤ በላብ መለስለስ ጀምሯል። «ይህንንም መጻፍ ነበረብኝ» አልኩ። «አውቃለሁ። እኔ እምቢ ብዬ አይደለም። ግን ይኸው ማኅተሙ አርፏል። እስከ ጫፉ ድረስ ሞልቷል፣ አንድ ቃል የሚገባበት ቦታ የለም። ሌላ ወረቀት ደግሞ በአገሩ አይገኝም፤ ቀኑም ነገ ያልቃል። እንጂ ቦታ ቢኖረው ኖሮ እኔ…»

እትዬ ሶልያና ወረቀቱን ከእጄ ተቀበሉ። ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ከላይ እስከ ታች አዩት። ገለበጡት። ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ዳበሱና መልሰው ዘረጉልኝ።

«ጀርባው ባዶ ነው» አሉ።